ሰው የሌለው ሰው በአጥቢያችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን ሳምንታት በየስማቸው እየጠራች፣ ለየሳምንቱም ምንባብና መዝሙር መድባ ታስተምረናለች። ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ካሉት መካከል አራተኛው ሳምንት መጻጉዕ ይባላል። በዚህ ሰንበት የሚታሰበው 38 ዓመት በደዌ የኖረው ሰው ነው። ልብ በሉ፤ መጻጉዕ የሰውየው መጠሪያ አይደለም። ድውይ፣ ሕመም የጸናበት ማለት ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ወንጌላዊው ዮሐንስ አልጻፈልንም። ሕመሙ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች፤ አምስት መመላለሻም ነበራት። በዚያ ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለ ብዙ ሕሙማን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠብቃሉ። ውኃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባው ይድናል። ጌታችን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወደዚህ ሰው ቀርቦ መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውየው «አዎን፣ እወዳለሁ» አላለም። ወደ ውኃው የሚያስገባው ሰው እንደሌለው፣ እርሱ ሊገባ ሲል ሌላው እየቀደመው እንደሚወርድ ነገረው (ዮሐ. 5፥1-9)።

በዚህ ሰንበት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ትምህርት ስለ ጌታችን ቸርነትና ስለ ድውዩ ትዕግሥት ነው። ይህም የተገባ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ስለ ሌሎቹ ሰዎች ነው። ከጎኑ ስለተኙት፣ ስለቀደሙት፣ በአጠገቡ ስላለፉት።

ማን በደለው?

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። ከመጻጉዕ ቀድሞ ወደ ውኃው የገባው ሰው ኃጢአት ሠራ? አልሠራም። እርሱም በሽተኛ ነው። ምናልባት እርሱም ዓመታት ጠብቋል፤ ምናልባት ቤቱ ልጆች ይጠብቁታል። ውኃው ሲናወጥ ፈጥኖ ገባ፣ ዳነ፣ ፈጣሪውን አመስግኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ማንን ሰረቀ? ማንን ዋሸ? ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚፈረድበት አንዳች ነገር የለም። በሚቀጥለው ጊዜ የቀደመውም እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ንጹሕ ነው። ሁሉም ተደምረው ግን አንድን ሰው ዘመኑን ሁሉ በአልጋው ላይ አስቀሩት።

ጤነኞቹስ? ወንጌሉ ጊዜው የአይሁድ በዓል እንደ ነበረ ይነግረናል። በበዓል ኢየሩሳሌም በሰው ትሞላለች። በዚያ በኩል ወደ ቤተ መቅደስ ያለፈው ሕዝብ ጥቂት አይሆንም። አንዱ ለጸሎት ይቸኩላል፣ አንዱ መሥዋዕቱን ይነዳል፣ አንዱ ዘመድ ይፈልጋል። እነዚህም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወደ እግዚአብሔር ቤት ነበር እኮ የሚሄዱት።

ታዲያ ማንም ሳይበድለው ይህ ሰው እንዴት ተበደለ? «እኔ በማንም ላይ ክፉ አላደረግሁም» የምትለዋ መልስ፣ ሁላችንም በንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ ምላሳችን ላይ የምትመጣዋ መልስ፣ ለክርስቲያን በቂ ናት ወይ?

መጽሐፍ በቂ አይደለችም ይለናል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲያስተምር በግራ የቆሙት ስለ ነፍስ ግድያ አልተጠየቁም፤ ስለ ዝሙትም፣ ስለ ስርቆትም አልተጠየቁም። የተጠየቁት ስላላበሉት፣ ስላላጠጡት፣ ስላልጎበኙት ነው። ባለጸጋው ነዌም አልዓዛርን አልደበደበውም፤ ከደጁም አላባረረው (ሉቃ. 16፥19-31)። ዛሬ ቢሆን ኖሮ «ይህን ሁሉ ዘመን በደጃፉ እንዲተኛ የፈቀደ ደግ ሰው» እንለው ነበር። ጥፋቱ በየቀኑ በላዩ ላይ እየተራመደ መግባቱና መውጣቱ ነው።

ከአምስቱ መመላለሻ ወደ እኛ ዐውደ ምሕረት

እኛም በየአጥቢያችን እንሰበሰባለን። ሌሊት ኪዳን የሚያደርስ አለ፣ ቅዳሴ የሚያስቀድስ አለ፣ ጸበል ለመጠመቅ ከንጋት ጀምሮ የሚሰለፍ አለ። ሁላችንም ለበረከት ነው የመጣነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ለበረከት ያለን ጥድፊያ ራሱ ያስፈራኛል። መስቀል ለመሳለም ስንጋፋ ከመካከላችን የወደቀች አሮጊት ትኖራለች። ለጸበል ስንሻማ የታመመ ልጅ ያዘለችው እናት ወደ ኋላ ትገፋለች። ከቅዳሴ በኋላ እምነቱን ተቀብተን፣ ጸበሉን ጠጥተን፣ ነጠላችንን አጣጥፈን እንወጣለን። ቀድመን ገብተናል፤ ድነናል። ከጎናችን የቆመው ሰው ግን ገባ አልገባ አናውቅም።

ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም። በእኔ የደረሰውን ልናገር።

በማስቀድስበት ደብር ለስድስት ዓመት ያህል ከአንድ ዛፍ ሥር ነበር የምቆመው። ከእኔ በስተግራ ሁልጊዜ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ይቆማሉ። ሁልጊዜ ከእኔ ቀድመው ነው የሚመጡት። መቋሚያቸው ጫፉ ላይ ስለተሰነጠቀ በሽቦ ጠምጥመውታል። ስግደት ላይ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ሲነሡ ዛፉን ይዘው ነው። በአጠቃላይ ስለ እርሳቸው የማውቀው ይህን ነው። ስንገናኝ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ስንለያይም እንዲሁ። ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝም ወደ እርሳቸው ዞር ብዬ እጅ እነሣለሁ። ስድስት ዓመት!

አንድ የጾም ወቅት ቦታቸው ባዶ ሆነ። በመጀመሪያው እሑድ ቀሩ ብዬ አሰብሁ። በሁለተኛው ምናልባት አገር ቤት ሄደው ይሆናል አልሁ። በሦስተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማሰቤንም ተውሁት፤ እንዲያውም ወደ ዛፉ ጠጋ ብዬ ግንዱን ተደገፍሁ። ከፋሲካ በኋላ ነው በጥበቃ ላይ ያሉትን አባት የጠየቅሁት። «እሳቸውማ አረፉ፤ ቆዩ እኮ» አሉኝ። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ታመው ተኝተው ነበር። አከራያቸው ናቸው ያስታመሟቸው። የተቀበሩትም እኔ በማስቀድስበት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ምናልባት በተቀበሩበት ሰዓት ከዚያ በአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ሆኜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ካህን ዘንድ ሄጄ በጸሎት ያስቧቸው ዘንድ ለመንሁ። ካህኑም እንደ ልማዱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። አላውቀውም። የዓለም ስማቸውስ? እርሱንም አላውቀውም። «መቋሚያቸው በሽቦ የታሰረ…» ብዬ ጀመርሁና አፈርሁ። ካህኑም ምንም አላሉኝም። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ።

ሁለት ሽባዎች

በቅዱስ ወንጌል ሌላም ሽባ አለ። በቅፍርናሆም በአልጋ ተሸክመው ያመጡት ነው (ማር. 2፥1-12)። ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። ሕመማቸው ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም በራሳቸው መንቀሳቀስ አይችሉም። ልዩነታቸው ይህኛው አራት ሰዎች ስላሉት ነው። እነዚያ አራት ሰዎች ደጁ በሕዝብ ተሞልቶ መግቢያ ሲያጡ «በቃ፣ ሞክረናል፤ እግዚአብሔር አልፈቀደም» ብለው አልተመለሱም። ጣራ ላይ ወጡ። የሰው ቤት ጣራ አፈረሱ። አልጋውን በቀዳዳው አወረዱት። ወንጌላዊው ማርቆስ ጌታ የእነርሱን እምነት አይቶ ለሽባው እንደ ተናገረው ጽፏል። የሽባውን ብቻ አላለም፤ የተሸካሚዎቹን እምነት አየ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። አራት ሆነው ባይሸከሙት ኖሮ አንድ ሰው ብቻውን እንኳን ጣራ ላይ ሊያወጣው ደጃፍም አያደርሰውም ነበር። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ማለት በአንድ በኩል ይህ ነው፤ አልጋ የሚሸከሙ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ በቅፍርናሆም ቤት በር ላይ ቆመው መግቢያ የከለከሉት ሰዎችም ቃለ እግዚአብሔር ለመስማት የመጡ ነበሩ። ትምህርቱ ስላማራቸው ጀርባቸውን ለበሽተኛው ሰጥተው ነበር የቆሙት። እኔ ራሴን ከአራቱ ጋር ለመቁጠር እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ የምገኘው ግን በሩ ላይ ነው።

ሰንበቴና ሰበካ ጉባኤ

ኢትዮጵያዊው ክርስቲያን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አጥቶ አያውቅም። የጽዋ ማኅበር አለን። ሰንበቴ አለን፤ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ወይም ጠበሉን አቅርቦ ካህናቱ ይባርካሉ፣ አባላቱ ይቀመጣሉ፣ ድሃም መንገደኛም ይካፈላል። እድር አለን፤ የሞተብንን ይቀብርልናል። እነዚህ ሁሉ ሲጀመሩ የተጀመሩት ሰው የለኝም የሚል እንዳይኖር ነው። አንድ ሰው ከሰንበቴው ተራ ከቀረ ይጠየቃል። «እገሌ ምን ሆነ? ማነው የሚሄደው?» ይባላል። ከስብሰባው በኋላ ሁለት ሰው ተመድቦ ቤቱ ድረስ ይሄዳል።

ዛሬ ግን ብዙዎቻችን፣ በተለይ በከተማ የምንኖር፣ ከዚህ ወጥተናል። ሰፈር ሲፈርስ እድሩም አብሮ ይፈርሳል። ከልደታ የተነሣው ወደ ጀሞ፣ ከአራት ኪሎ የተነሣው ወደ የካ አባዶ ሲሄድ አዲሱ ደብር ደርሶ ያስቀድሳል፤ ግን ማን ያውቀዋል? በኮንዶሚኒየሙ ከላይና ከታች ያለው ሰው በደረጃ ላይ ብቻ ነው የሚገናኘው። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችንም በዕረፍት ቀኗ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች፤ ያች ሰዓት ካለፈች ሳምንቱን ሙሉ በአገሯ ቋንቋ የሚያናግራት ላታገኝ ትችላለች። ለእርሷ ከቅዳሴ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደምትከብድ እኛ አገር ቤት ያለነው አናውቀውም።

ሰንበቴውም ቢሆን ያለ አደጋ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጻቸው በዚሁ ነው። ለማኅበሩ መብል በአንድነት ይሰበሰቡ ነበር፤ ነገር ግን ያለው ቀድሞ በልቶ ጠጥቶ ይሰክራል፣ የሌለው ተርቦ ይመለከታል (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። እንደ ቤተ ሳይዳው ውኃ፣ ቀድሞ የደረሰ ገባ። እኛም ጋ ሰንበቴ ላይ ለባለ ሥልጣንና ለባለ ሀብት የሚዘረጋ ምንጣፍ፣ ለድሃው ከበሩ ጥግ የሚሰጥ ቁራሽ ካለ የቆሮንቶስ መልእክት ለእኛም ተጽፏል። ቅዱስ ያዕቆብም የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በመልካም ስፍራ፣ ያደፈ የለበሰውን ከእግር በታች ማስቀመጥ አድልዎ መሆኑን ጽፏል (ያዕ. 2፥1-4)። በዲድስቅልያም ድሃ ወይም እንግዳ መጥቶ ስፍራ ቢያጣ ስፍራ እንዲፈለግለት ታዟል።

በሐዋርያት ዘመንም ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። በኢየሩሳሌም ከግሪክ አገር መጥተው የነበሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በየዕለቱ አገልግሎት ችላ ተባሉ ብለው አንጎራጎሩ (ሐዋ. 6፥1-6)። እኔን የሚገርመኝ የሐዋርያት መልስ ነው። «እናንተ ከሳሾች ናችሁ፣ ቤተ ክርስቲያንን ታሳማላችሁ» አላሉም። «ታገሡ፣ በሰማይ ዋጋችሁ ብዙ ነው» ብለውም ብቻ አላሰናበቷቸውም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ፣ ጸለዩ፣ እጃቸውን ጫኑባቸው፣ ሥራውን ሰጧቸው። ከሰባቱ የመጀመሪያው ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነው። ሰማዕትነቱን በትልቅ በዓል እናከብራለን፤ የተሾመው ግን መበለቶች ምሳ እንዳይቀርባቸው ነበር።

እኛም ሰበካ ጉባኤ አለን። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ተቀምጠው ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲመክሩ ሥርዓት ተሠርቷል። ጥሩ ሥርዓት ነው። ግን በጉባኤው ምን እንመክራለን? ስለ ሕንፃው እንመክራለን፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለሚከራየው ሱቅ። ይህም ያስፈልጋል፤ ካህናት ደመወዝ ይፈልጋሉ፣ ጣራውም ያፈስሳል። ነገር ግን ከአጀንዳዎቹ መካከል «በዚህ ወር ከመካከላችን ማን ቀረ?» የሚል ጥያቄ አለ ወይ? የአባልነት መዋጮ ያልከፈለውን በመዝገብ እናገኘዋለን። ለምን እንዳልከፈለ ቤቱ ሄዶ ያየ ማነው?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም በዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ ቃል ተናግሯል። በመቅደስ ውስጥ ጌታን በሐር እያለበሱ በውጭ በብርድ የሚሞተውን ቸል ማለት ምን ይጠቅማል የሚል ነው አሳቡ። ራሱ በቍስጥንጥንያ መንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ኖሮበታል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «አዎ፣ ይሄ ሁሉ ሕንፃ ምን ያደርጋል፣ ገንዘቡ ለድሃ ቢሰጥ» ይላል። ይህን ያለው ከእኛ በፊት አስቆሮቱ ይሁዳ ነው፤ ለድሆች አዝኖ እንዳልነበረም ቅዱስ ዮሐንስ ጽፎበታል (ዮሐ. 12፥4-6)። አፈወርቅም ንዋየ ቅድሳት አታድርጉ አላለም። ድሃውን ቤተ ክርስቲያንን መምቻ ዱላ የሚያደርገው ሰው ብዙውን ጊዜ ለድሃውም ሲሰጥ አይታይም። ለመቅደሱ መጋረጃ የምትሰጠዋ እናት ናት፣ ብዙ ጊዜ፣ ለጎረቤቷም እንጀራ የምትልከው።

ይገባዋል ወይ?

አሁን ደግሞ ከባዱ ጥያቄ። «እሺ፣ እንርዳ፤ ግን ሰውየው አታላይ ቢሆንስ? ረድተነው መልሶ ቢነክሰንስ?» በአጥቢያ አገልግሎት የቆየ ሰው ሁሉ ይህ ደርሶበታል። ለሕክምና ተብሎ የተዋጣለት ገንዘቡን ጠጥቶበት ተገኘ። ሥራ ያስገቡት ልጅ አሠሪውን ሰርቆ አሳፈራቸው። ከዚያ በኋላ ልብ ይዘጋል። «ከእንግዲህ ማንንም አላምንም» ይባላል። ይህን የሚለውን ሰው አልነቅፈውም፤ ቁስሉ እውነተኛ ነው።

ነገር ግን ሊቃውንቱ በትርጓሜ ስለ መጻጉዕ የሚያስተምሩትን እናስታውስ። ያ በቤተ ሳይዳ የዳነው ሰው በዕለተ ዓርብ በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታችንን በጥፊ የመታው ነው ይላሉ። ሰልሎ የነበረው እጅ፣ ጌታ ያጸናው እጅ፣ ያው እጅ። በዚያች ቀን በመጠመቂያዋ ዳር ጌታችን ሲጠይቀው ይህ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ ነውና። አውቆ ጠየቀው፣ አውቆ አዳነው። በኋላም በመቅደስ ባገኘው ጊዜ ወደ ኃጢአት እንዳይመለስ፣ የባሰ እንዳይደርስበት በፍቅር መከረው (ዮሐ. 5፥14)። የሚመታውን እጅ ሳይሰበስበው ተወው።

እኛ ለአንድ ሰው እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ዋስ እንፈልጋለን። ይህ በገንዘብ አያያዝ ልክ ነው፤ የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ደረሰኝና ምስክር ይፈልጋል፣ የታመመውን በአድራሻው ሄዶ ማየትም ብልኅነት ነው። ጌታችንም እንደ እርግብ የዋሆች ብቻ ሳይሆን እንደ እባብ ልባሞች እንድንሆን አዝዟል (ማቴ. 10፥16)። እኔ የምለው ሌላ ነው። ብልኅነቱ «እንዴት እንርዳው?» ለሚለው መልስ ይስጠን እንጂ «ይህ ሰው የእኛ ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ በጥምቀት ቀን፣ በአርባውና በሰማንያው ተመልሷል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስለ እርሱም ብዙ አይነገርም። ሰው የለኝም የሚል ሁሉ ሰው ያጣ አይደለም። ሰው የበዛበትም አለ። ችግሯን ለአንዲት እኅት አጫውታ በሳምንቱ ማኅበሩ ሁሉ ሲያወራው ያገኘች እናት ከዚያ ደብር ወጥታ ማንም ወደማያውቃት ሩቅ ደብር ሄዳ ታስቀድሳለች። ለእርሷ አለመታወቅ ዕረፍት ነው። እኛ መጠያየቅ የምንለው አንዳንዴ ወሬ መልቀም ነው፤ መምከር የምንለውም ሰውን ማሳቀቅ። ጌታችን ግን መጻጉዕን በሕዝብ መካከል «ኃጢአትህ ይህ ነው» አላለውም። በመጀመሪያ መዳን ትወዳለህን ብሎ ፈቃዱን ጠየቀ። ተግሣጹን የነገረው በኋላ ለብቻው አግኝቶት ነው። ስለዚህ አልጋ የሚሸከም ሰው አፉንም መያዝ መቻል አለበት። ምስጢር የማይጠብቅ ሰው ባይጠይቅ ይሻላል፤ ጨክኜ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

ጾሙና ቀሪው እንጀራ

በዚህ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቆያለን። ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ ቅቤውንም ትተናል። ታዲያ የተረፈው ወዴት ሄደ? አባቶቻችን ጾምን ከጸሎትና ከምጽዋት ለይተው አስተምረውን አያውቁም። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የሚወድደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ወደ ቤት ማስገባት እንደ ሆነ ገልጿል (ኢሳ. 58፥6-7)። በምዕራፉ ያሉት ሰዎች «ጾምን፤ ለምን አላየኸንም?» እያሉ ለእግዚአብሔር አቤቱታ ያቀረቡ ጿሚዎች ናቸው። ሳይጾሙ የቀሩ አይደሉም፤ ሲጾሙ የሚጣሉ፣ ሠራተኛቸውን የሚያስጨንቁ ነበሩ።

የቁርሳችን ዋጋ በከተማ ዛሬ ትንሽ አይደለም። በ55 ቀን ሲባዛ የአንድ አቅመ ደካማ የቤት ኪራይ ሊሸፍን ይችላል፤ አሥር ሆነን ብናዋጣ ደግሞ ቀሪም ይኖረዋል። ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑ የሰውን ስም አይጠይቅም። ሳጥኑ ውስጥ ብር ከትቶ፣ ከሳጥኑ አጠገብ የተቀመጠችውን እናት ሳያያት የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። ከእርሱ ጋር ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው እኖራለሁ።

ያ ነገር ከደረሰብኝ በኋላ በነበረው የመጻጉዕ ሰንበት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከዛፉ ሥር ወዲያው አልሄድሁም። ጋቢ የለበሱት አባት ይቆሙበት በነበረው ቦታ አሁን አንድ ወጣት ይቆማል። ሱሪው ላይ የሲሚንቶ ነጠብጣብ አለ፤ የቀን ሥራ እንደሚሠራ ገምቼ ነበር። መጀመሪያ ስቀርበው ደነገጠ፤ ቦታውን የምጠይቀው መስሎት ሊነሣ ጀመረ። «የለም፣ ቁጭ በል» አልሁትና ምን እንደምል ጠፋኝ። በመጨረሻ «ወንድሜ፣ የክርስትና ስምህ ማነው?» አልሁት።

ግራ ገባው። «ምነው፣ በሰላም ነው?» አለኝ።

«በሰላም ነው። ዝም ብዬ ነው።»

«ወልደ ሥላሴ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ስሜን የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ነዎት። የእርስዎስ?»

ነገርሁት። እናቱ ወሎ እንዳሉ፣ ለፋሲካ ሊሄድ የመሳፈሪያ እያጠራቀመ እንደ ሆነ አጫወተኝ። ወደ በሩ አብረን ወጣን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።